የሰፈራችሁ ፖሊስ ስሙ ማን ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የሰፈራችሁን ባለሱቅ ስም ታውቃላችሁ። የግቢያችሁን ዘበኛ ስም ታውቃላችሁ፤ ምናልባት የልጆቹንም ስም ጭምር። ጀበና ቡና የምታፈላዋን ልጅ፣ ጥግ ላይ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ታውቃላችሁ። የሰፈራችሁ ፖሊስስ ስሙ ማን ነው?

አብዛኞቻችን እዚህ ጋ ዝም ነው የምንለው። ከሩዋንዳ እስከ ገርጂ፣ ከአትላስ እስከ ሳሚት ብትሄዱ መልሱ ብዙም አይለያይም። ለእኛ ፖሊስ ማለት ሦስት ነገር ነው፦ በአጠገባችን ሽው ብሎ የሚያልፍ ፒክአፕ፣ በዓል ሲደርስ መንገድ ላይ የሚፈትሸን ሰው፣ ስልካችን የተነጠቀ ቀን ደግሞ ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ መዝገብ። ከሦስቱ አንዱም የምናውቀው ሰው አይደለም።

ክርክሬ አጭር ነው። በአንድ ሰፈር ተመድቦ፣ በእግሩ እየዞረ፣ ነዋሪውን በስም እያወቀ የሚሠራ ፖሊስ ለቦሌና ለምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል ከካሜራውም ከአጥር ሽቦውም በላይ ይጠቅማል። ይህ ሰው እንዲጠቅመን ግን ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ ሰፈሩ ውስጥ የመቆየት ጊዜ፣ እና የእሱ ካልሆነ ሥራ ነፃ መሆን። ሁለቱንም እየነፈግነው ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

በወረቀት ስሙ «ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት» ይባላል፤ በየስብሰባው ደግሞ «ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ»። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ሌባ ከማሳደድ፣ ከነዋሪው ጋር ሆኖ ወንጀሉ ሳይፈጸም ማስቀረት ይሻላል ነው። በአገራችን ይህንን አሠራር በስፋት ከሞከሩት መካከል የአማራ ክልል ይጠቀሳል። እዚያ በየቀበሌው አንድ የማኅበረሰብ ፖሊስ ይመደብ ነበር፤ በሥሩ ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ምክር ቤት፣ ግጭት የሚፈታ ኮሚቴ፣ አልፎም «የቤተሰብ ፖሊስ» የሚባል እስከ ጓዳ የሚወርድ አደረጃጀት ነበር። ኦዲአይ የተባለው የእንግሊዝ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንን አሠራር አጥንቶ፣ ብዙ ነዋሪዎች ደኅንነታቸው ተሻሽሏል ብለው እንደሚያምኑ ጽፏል። እዚያው ጥናት ላይ ግን አደረጃጀቱ ለፖለቲካ ቁጥጥር ሊውል ይችላል የሚል ስጋትም ተነስቷል። ይህችን ስጋት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በከተማ ያለው ሥራ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ተመድቦ ከነበረ አንድ ሳጅን ጋር ብዙ ጊዜ ቡና ጠጥቻለሁ። ሥራው ፊልም ላይ እንደምናየው ሽጉጥና ሩጫ አይደለም። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል። ከዚያ ወረዳ ስብሰባ አለ። ሲመለስ አከራይ ተከራይዋን እቃዋን ደጅ አውጥቶባት በሩን ቆልፏል። ደመወዟ ሳይከፈላት የተባረረች የቤት ሠራተኛ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃው ላይ ታለቅሳለች። አራተኛ ፎቅ ያለው ልጅ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሙዚቃ ከፍቶ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አባት በዱላ ሊመጡለት ነው። የለቅሶ ድንኳን መንገድ ዘግቷል፤ የራይድ ሹፌሩ ደግሞ ካላለፍኩ ብሏል። ማታ ከብሎክ ጀርባ መብራት የሌለበት ጥግ ላይ የተሰበሰቡት ልጆች የማን ልጆች እንደሆኑ ማወቅ አለበት።

አብዛኛው ነገር ወንጀል አይደለም፤ ገና ወንጀል ያልሆነ ነገር ነው። ዱላ ይዘው የወጡት አባት ቢማቱ ኖሮ ግን ነገ መዝገብ ይከፈት ነበር። የሰፈር ፖሊስ ሥራው ያ መዝገብ እንዳይከፈት ማድረግ ነው። ችግሩ ያልተከፈተ መዝገብ ሪፖርት ላይ አይቆጠርም። «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ጸብ አስቀርቻለሁ» ብሎ ለአለቃው የሚያሳየው ቁጥር የለውም። ስብሰባ ግን ይቆጠራል። የተገኘው ሰው ቁጥርም ይቆጠራል። ስለዚህ ስብሰባው ይበዛል።

ሳጅኑ አሁን የለም። እኔ እዚያ በኖርኩባቸው ሦስት ዓመታት ሦስት የሰፈር ፖሊስ አይተናል። ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው የሚያውቃቸውን ልጆች ከዜሮ መማር ጀመረ።

በሕግ አምላክ!

ሐሳቡ ከፈረንጅ የመጣ እንዳይመስላችሁ። «በሕግ አምላክ!» የምትለዋን ቃል አስቧት። ድሮ ሁለት ሰው ሲጣላ መሐል የገባ መንገደኛ ይህችን ቃል ከተናገረ ተጣዪው መቆም ነበረበት። መለዮ የለ፣ ካቴና የለ። ሕጉን የሚያስከብረው አላፊ አግዳሚው ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለውም ነበር፤ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪነገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

አፈርሳታ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ንጹሕ ሰው ከሥራው ተፈትቶ ለቀናት ይቀመጣል፤ ጠላት ያለው ሰውም በውሸት ይጠቆማል። ግን አንድ እውነት ያሳየናል፦ ሰፈር ውስጥ ማን ምን እንደሠራ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው። ጥያቄው ያ እውቀት እንዴትና ለማን ይነገራል የሚለው ነው።

ታሪካችን የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ያዘ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ የጎረቤትን ልጅ ከቤቱ የሚያወጣው የሰፈሩ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ለአምስት መጣ። አያቶቻችንና ወላጆቻችን «ጆሮ ጠቢ» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ጎረቤት ለማንኛውም ባለሥልጣን አንድ ቃል አትናገርም። ሌባውን ብታይም አትናገርም። ሰፈሩ ሌባውን እያወቀ ዝም ሲል ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የማስታወስ ጉዳይም ነው።

ኢኮኖሚክስ ምን ይላል?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በዚያ መነጽር ልየው። ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ወንጀልና ቅጣት የጻፈው ጽሑፍ ላይ ወንጀለኛውን እንደ ነጋዴ ያየዋል፦ የማገኘው ስንት ነው፣ የመያዝ ዕድሌስ ምን ያህል ነው ብሎ ያሰላል። እንግዲህ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ስልክ የሚነጥቅ ልጅ ሕጉ ላይ የተጻፈውን የእስር ዘመን አንብቦ አያውቅም። እሱ የሚያሰላው «እያዛለሁ ወይስ ላሽ እላለሁ?» የሚለውን ነው። የመያዝ ዕድሉን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ መረጃ ነው። መረጃው ያለው ባለሱቁ፣ ዘበኛው፣ ሊስትሮው ጋ ነው። እነሱ የሚናገሩት ለሚያምኑት ሰው ነው። የሚያምኑት የሚያውቁትን ነው።

መረጃ ሲጠፋ መንግሥት ምን ያደርጋል? በጅምላ ይከለክላል። ሰኔ 30 ቀን 2011 ሥራ ላይ የዋለውን የሞተር ሳይክል እገዳ አስታውሱ። ንጥቂያው በሞተር በዛ ተባለና፣ ከተፈቀደላቸው በቀር ሞተር በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ተደረገ። ከነጣቂው ጋር በሞተር ዳቦውን የሚያገኘውም ወጣት አብሮ ተቀጣ። የትኛው ሞተረኛ ሌባ፣ የትኛው ሠራተኛ እንደሆነ የሚለይ ሰው በየሰፈሩ ቢኖር ኖሮ ሁሉንም መከልከል ባላስፈለገ ነበር።

የቦሌ ነዋሪ ደግሞ የራሱን መፍትሔ ይገዛል። ዘበኛ፣ ካሜራ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ውሻ። ለእያንዳንዱ ቤት ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ግን የእኔ አጥር ሲረዝም ሌባው ሥራውን አይተውም፤ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤትም ያስረዝማል። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ከፍለን፣ መንገዱ ግን እንደ ድሮው የማንም ሆኖ ይቀራል። አጥር ግቢን ይጠብቃል፤ ከታክሲ ወርዳ በጨለማ ወደ ቤቷ የምትሄደውን ልጅ ግን አይጠብቅም። ዘበኛ የመቅጠር አቅም የሌለው የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ ከዚህ ጨዋታ ከጅምሩ ውጭ ነው።

ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ስለ ግጦሽና ስለ ደን ባደረገችው ጥናት ነው የምትታወቀው። ስለ ፖሊስ ማጥናቷን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ትንንሽ የሰፈር ፖሊስ ጽሕፈት ቤቶችን ከትልቁ የከተማ ፖሊስ ጋር አነጻጸረች። በጊዜው የነበረው እምነት ትልቅ ተቋም የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል የሚል ነበር። እሷና ባልደረቦቿ ያገኙት ሌላ ነው፤ ትንንሾቹ ከትልቁ እኩል ወይም የተሻለ ሠርተው ተገኙ። ምክንያቱ ደኅንነት እንደ ዳቦ ተጋግሮ የሚቀርብ ነገር ስላልሆነ ነው። ፖሊሱና ነዋሪው አብረው ነው የሚያመርቱት። ነዋሪው እጁን ካነሳ ፖሊሱ ብቻውን ማምረት አይችልም።

ግን እውነት ይሠራል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እንደምንፈልገው ጣፋጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎች ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስን በስድስት አገሮች ሞከሩት፦ በብራዚል፣ በኮሎምቢያ፣ በላይቤሪያ፣ በፓኪስታን፣ በፊሊፒንስና በዑጋንዳ። ውጤቱ? ሕዝቡ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት አልጨመረም። ወንጀልም አልቀነሰም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «አያችሁ፣ አይሠራም» ይላል። እኔ ግን ለምን አልሠራም የሚለው ነው የሚገርመኝ። ተመራማሪዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል ሦስቱን ስሙ፦ አንደኛ፣ የፖሊስ አመራሩ ነገሩን ከልቡ አልያዘውም። ሁለተኛ፣ የጀመሩት ኃላፊዎች ቶሎ ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። ሦስተኛ፣ ነዋሪው ችግሩን ሲናገር ፖሊሱ ያንን ችግር የሚፈታበት አቅም የለውም።

ይህ የሆነ ሰፈር አላስታወሳችሁም? ስብሰባ ተጠርታችሁ «መብራት የለም፣ እዚያ ጥግ ላይ ሴቶች ይዘረፋሉ» ትላላችሁ። ይጻፋል። ይጨበጨባል። መብራቱ አይመጣም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፖሊስ መጥቶ ያንኑ ይጠይቃችኋል። በሦስተኛው ስብሰባ ማን ይሄዳል? ጥናቱ ያሳየን ሐሳቡ ከንቱ መሆኑን አይመስለኝም፤ ስሙን ብቻ ይዞ ሥራውን መተው ምንም እንደማያመጣ ነው።

ዓይን ወይስ ጆሮ?

አሁን ወደዚያች ስጋት ልመለስ። የሰፈር ፖሊስ ሁለት ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል፦ የሰፈሩ ዓይን፣ ወይም የመንግሥት ጆሮ። ሁለቱም ስማችንን ያውቃሉ። ሁለቱም ማታ ስንት ሰዓት እንደምንገባ ያውቃሉ። ልዩነቱ ያንን እውቀት ለማን ጥቅም እንደሚያውሉት ነው።

ከዑጋንዳ እንማር። እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ ምርጫ በፊት «ወንጀል ተከላካዮች» ተብለው በማኅበረሰብ ፖሊስ ስም የተደራጁ ወጣቶች የገዢው ፓርቲ ክንድ ሆነው ተቃዋሚን ያስፈራራሉ ተብለው በሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ተከሰሱ። እንዲህ ያለ አደረጃጀት አንዴ ስሙ ከተበላሸ፣ ለሌባውም ጉዳይ የሚያምነው አይኖርም።

በእኛ ከተማ የሰላም ሠራዊት አባላት በየብሎኩ ማታ ማታ ይዞራሉ። ከሥራ አምሽታ ለምትገባ ልጅ መንገድ ላይ ሰው መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ግን በጎ ፈቃደኛ ፖሊስ አይደለም። ማን ሊያስቆመኝ ይችላል፣ ማን ሊፈትሸኝ ይችላል፣ ቢያጠፋ የት እከሰዋለሁ የሚለው ለነዋሪው በግልጽ መነገር አለበት።

«ፀጉረ ልውጥ ሰው ስታዩ ጠቁሙ» የሚለውን ማስታወቂያ ደግሞ ሁላችንም ሰምተነዋል። እሺ፣ ቦሌ ውስጥ ፀጉረ ልውጥ ያልሆነ ማን ነው? ኤርፖርቱ እዚህ ነው። ኤምባሲው እዚህ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ግማሹ ተከራይ ነው፤ ከወሎ የመጣ አለ፣ ከወላይታ የመጣ አለ፣ ከጅማም ከመቀሌም የመጣ አለ። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሰውን በመልኩ ወይም በአነጋገሩ መጠርጠር ፖሊስነት አይደለም። የሚያውቃችሁ ፖሊስ ካለ የሚጠረጥረው ድርጊትን ነው። የማያውቃችሁ ፖሊስ የሚያየው መልክን ብቻ ነው። ፖሊሱ ሰፈሩ ውስጥ ይቆይ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ይቆይ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል። ተከራይ ተረጋግቶ እንዲኖር ሕግ ካወጣን፣ ለሰፈሩ ፖሊስ ቢያንስ ሦስት ዓመት መስጠት ምን ይከብዳል? «ሲቆይ ይለመድና ሻይ መቀበል ይጀምራል» የሚል ክርክር አውቃለሁ። ከንቱ ስጋት አይደለም። ግን ገልብጣችሁ አስቡት፤ ነገ የማያገኛችሁ ፖሊስ ዛሬ ቢበላችሁ ምን ያጣል? ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ሱቅ በር ላይ የሚያገኛችሁ ፖሊስ ግን ስሙን ይሸከማል። የሰፈሩ ሰው በየስድስት ወሩ ስሙን ሳይጽፍ ፖሊሱን የሚመዝንበት አሠራር ቢጨመር፣ ከማዛወር የተሻለ ቁጥጥር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የሚሠራበት ሰፈር አጠገብ ይኑር። ሳጅን ሆኖ ቦሌ ቤት መከራየት ቀልድ ነው። ሌሊቱን የሌላ ሰፈር ሰው የሚጠብቅ፣ ለሊት ሰርቪስ የሚጋፋ፣ የራሱ ልጆች ማን እንደሚጠብቃቸው የማያውቅ ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ጃፓን ውስጥ ኮባን የሚባሉ ትንንሽ የሰፈር ፖሊስ ቤቶች አሉ፤ ፖሊሱ እዚያ ይውላል፣ መንገድ ለጠፋበት መንገድ ያሳያል፣ የነዋሪውን ቤት እየዞረ ይጎበኛል። ከዚያ አገር መኮረጅ ያለብን ቴክኖሎጂውን ሳይሆን ወንበሯን ነው። በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ በሩ ላይ የፖሊሱ ስምና ስልክ።

ሦስተኛ፣ ሥራው ይለይ። ቀን ከእናቶች ጋር ዕድር ላይ የተቀመጠ ፖሊስ፣ ማታ ዱላ ይዞ ልጆቻቸውን ለአፈሳ ቢመጣ፣ ጠዋት ማን ያናግረዋል? የሰፈር ፖሊስ ከአፈሳም፣ ከማንኛውም የፖለቲካ ሥራም ውጭ መሆን አለበት። ሴት ፖሊሶችም በየሰፈሩ በበቂ ቁጥር ይመደቡ። ሌሊት ባሏ የደበደባት ሴት በሯን የምትከፍተው ለማን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

አራተኛ፣ መልስ ይሰጥ። ስልክ ተነጥቆ ያመለከተ ልጅ ስልኩ ባይገኝ እንኳ በሳምንቱ «እዚህ ደርሰናል» የሚል አንድ መልእክት ይድረሰው። አንድ መልእክት ብቻ። በዚህ ከተማ ምግብ ያዘዝነው ሞተር የት እንደደረሰ በስልክ እናያለን። ያመለከትነው ጉዳይ የት እንደደረሰ ማወቅ ለምን ቅንጦት ይሆናል?

የእኛስ ድርሻ?

ለእኛም አለ፤ ሁሉንም መንግሥት ላይ ጥዬ አልሄድም። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸውና ለቲክቶክ የሚጭነው የእኛ ትውልድ ነው። ያ መሬት ላይ የሚረገጠው ልጅ ሌባ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በሁለቱም መንገድ የሚቀጣው ፍርድ ቤት እንጂ እግራችን አይደለም። ስልካችሁ ካወጣችሁ አይቀር 991 ደውሉበት።

መብታችሁንም እወቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 26 ደግሞ ቤታችሁን፣ ሰውነታችሁን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምታደርጉትን ግንኙነት ይጠብቃል። ይህንን ማወቅ ፖሊስን መናቅ አይደለም። ሕጉን የሚያውቅ ነዋሪና ሕጉን የሚያከብር ፖሊስ ብቻ ናቸው ተማምነው አብረው ሊሠሩ የሚችሉት።

አበው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ። ፖሊስም እንደዚያው ነው። በስልክ ስንደውልለት ከሩቅ የሚመጣው ያስፈልገናል። ቅርባችን ያለው፣ ስማችንን የሚያውቀውና ስሙን የምናውቀው ግን ይበልጥ ያስፈልገናል። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ በር ላይ ያገኛችሁትን ፖሊስ ሰላም በሉት። ስሙንም ጠይቁት። ከነገራችሁ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ጊዜ እዚያው ቦታ መኖሩን እዩ። ከሌለ፣ የት ሄደ ብላችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ።